የትኛው የኢንፍራሬድ ቴሌስኮፕ ለየትኛው ጥያቄ? ለጎጃም ተማሪዎችና የሳይንስ ክበቦች መምረጫ

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የሚመረጥበት ሰሞን ሲደርስ ደብረ ማርቆስም ይሁን ባሕር ዳር ወይም እንጅባራ ፊዚክስ የሚማር ልጅ ስለ ህዋ ልጻፍ ካለ መጀመሪያ አፉ ላይ የሚመጣው የአንድ የህዋ ቴሌስኮፕ ስም ነው፤ ጄምስ ዌብ። የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ ክበቦችም ያው ናቸው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የዌብ ፎቶ፣ ክርክሩም ስለ ዌብ። አልፈርድባቸውም። ፎቶው ሰው ያስደምማል።

ግን ምርጫ አለ። ሰፊ ምርጫ። ህዋ ላይ የተላኩ የኢንፍራሬድ ቴሌስኮፖች የሰበሰቡት ምስልና ልኬት በኢንተርኔት ማኅደር ተቀምጧል። ክፍያ የለውም፣ የድጋፍ ደብዳቤ አይጠየቅም። ከፍኖተ ሰላም ያለ ተማሪና አሜሪካ ያለ ፕሮፌሰር የሚያወርዱት ፋይል አንድ ነው። ስለዚህ "የትኛውን ልጠቀም?" የሚለው ከጎጃም ሆኖ ሊጠየቅ የሚገባው የምር ጥያቄ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። እዚህ ሆኖ ለሚሠራ ለአብዛኛው ተማሪ ከዌብ ይልቅ ዋይዝ የሚባለው ትንሽ ቴሌስኮፕ ይሻላል። ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሙቀቱ

እሳቱ ከወጣ በኋላ ምጣዱ ጥቁር ሆኖ ይታያል። መዳፋችሁን ጠጋ ስታደርጉ ግን ሙቀቱ ይሰማችኋል። ያ ሙቀት ብርሃን ነው፤ ዓይናችን የማያየው ብርሃን። ዊልያም ሄርሼል በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ ከቀዩ ቀለም አለፍ ብሎ ቴርሞሜትር አስቀመጠ። ምንም ቀለም በማይታይበት ቦታ ቴርሞሜትሩ ወደ ላይ ወጣ። ኢንፍራሬድ የታወቀው እንዲህ ነው።

ደንቡ ቀላል ነው። አንድ ነገር በቀዘቀዘ ቁጥር የሚረጨው ብርሃን ሞገድ ይረዝማል። የፀሐይ ገጽ 5500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ በብዛት የሚረጨው ግማሽ ማይክሮን አካባቢ ነው። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ መሆኑን ያዙልኝ። 37 ዲግሪ የሆነው ገላችን 9 ማይክሮን አካባቢ ያበራል። በከዋክብት መካከል ያለ፣ ከዜሮ በታች 250 ዲግሪ የቀዘቀዘ አቧራ ደግሞ ከ100 ማይክሮን በላይ ነው። እንግዲህ ቴሌስኮፕ ስትመርጡ የምትመርጡት ከመስታወቱ ስፋት በፊት ሙቀቱን ነው። የምትፈልጉት ነገር ስንት ዲግሪ ነው? መልሱ ዕጩዎቹን በግማሽ ይቀንስላችኋል።

ኢንፍራሬድ ሌላም ጥቅም አለው። ረጅም ሞገድ አቧራን ሰንጥቆ ያልፋል። ከዋክብት የሚወለዱት አቧራ ውስጥ ስለሆነ በተራ ብርሃን ጥቁር ግድግዳ የመሰለው ደመና በኢንፍራሬድ ውስጡን ያሳያል። በጣም ሩቅ ከሆኑ ጋላክሲዎች የተነሳ ብርሃን ደግሞ ዩኒቨርሱ እየሰፋ ሲሄድ አብሮ ይለጠጣል። ከተነሳ በኋላ 15 እጥፍ የተለጠጠ አልትራቫዮሌት እኛ ጋ ሲደርስ ኢንፍራሬድ ሆኗል። የመጀመሪያዎቹን ጋላክሲዎች በሌላ መንገድ ማየት የማይቻለው ለዚህ ነው።

"ለምን ጮቄ ላይ አይተከልም?" የሚል ልጅ ክበብ ውስጥ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ ሃዋይ ማውና ኬያ ላይ ያሉት ታላላቅ ቴሌስኮፖችም 4200 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። እንጦጦም ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን። ችግሩ ውሃ ነው። አየር ውስጥ ያለ እንፋሎት አብዛኛውን ኢንፍራሬድ ይውጠዋል። ጮቄ ደግሞ የዓባይ ገባሮች መፍለቂያ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ ደመና ለብሶ ይከርማል። ውሃውን ይስጠን፣ ቴሌስኮፑ ሌላ ቦታ ይሁን። ደረቅ ተራራ ቢገኝ እንኳ አየሩ ራሱ ሙቀት ስላለው በ10 ማይክሮን አካባቢ ያበራል። በዚያ ሞገድ ለሚያይ መሣሪያ ሰማዩ ሌሊትም ብሩህ ነው። አሜሪካና ጀርመን ሶፊያ የተባለውን ቴሌስኮፕ በቦይንግ 747 ጭነው ወደ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያወጡት ከእንፋሎቱ በላይ ለመሆን ነበር። እስከ 2022 በረረ። ፀሐይ በሚመታው የጨረቃ ገጽ ላይ የውሃ ሞለኪውል ያገኘውም እሱ ነው።

ህዋ ላይ ወጥቶም ችግሩ አያልቅም። ቴሌስኮፑ ራሱ ከሞቀ የሚያየው የራሱን ሙቀት ነው። ስለዚህ ይቀዘቅዛል። አንዱ መንገድ ፈሳሽ ሂሊየም ወይም የረጋ ሃይድሮጅን ጭኖ መሄድ ነው። ይሠራል፣ ግን ተኖ ያልቃል። ሌላው መንገድ ጥላ ነው። ዌብ የቴኒስ ሜዳ የሚያህል ባለ አምስት ድርብ መከለያ ዘርግቶ በፀሐይ በኩል 85 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ በመስታወቱ በኩል ከዜሮ በታች 233 ዲግሪ ይደርሳል።

ይህ ለመራጭ ትልቅ ትርጉም አለው። ስፒትዘር የተባለው የህዋ ቴሌስኮፕ በ2003 ተወንጭፎ ሂሊየሙ በ2009 አለቀ። ከዚያ በኋላ እስከ 2020 የሠራው በሁለት አጫጭር ሞገዶች ብቻ ነው፤ 3.6 እና 4.5 ማይክሮን። በ2015 የተነሳ የስፒትዘር 24 ማይክሮን ምስል ፍለጋ ሌሊት የሚያነጋ ሰው ቢኖር የሌለ ነገር ነው የሚፈልገው።

ዌብ፦ ስለት ያለው፣ ግን ጠባብ

ዌብ በ2021 በፈረንጆች የገና ዕለት፣ ዲሴምበር 25፣ ከፈረንሳይ ጉያና ተወነጨፈ። መስታወቱ 6.5 ሜትር ነው፣ ወርቅ በተቀቡ 18 ቁርጥራጮች የተገጠመ። ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ከ0.6 እስከ 28.5 ማይክሮን ያያል። በጥራት የሚወዳደረው የኢንፍራሬድ ቴሌስኮፕ የለም።

ሥራው በሁለት ነገር ተለይቶ ይታወቃል። አንደኛው ሩቅ ጋላክሲዎች ናቸው፤ ከታላቁ ፍንዳታ በኋላ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ላይ የነበሩ ጋላክሲዎችን አሳይቶናል። ሁለተኛው የሌላ ፀሐይ ፕላኔቶች አየር ነው። በ2022 ዋስፕ 39ቢ በተባለች ፕላኔት አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አገኘ። ፕላኔቷ በኮከቧ ፊት ስታልፍ የኮከቡ ብርሃን በአየሯ ውስጥ ይሾልካል። እያንዳንዱ ጋዝ የራሱን ሞገድ እየለየ ይውጣል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 4.3 ማይክሮን ላይ። ግራፉ ላይ ጉልህ ጉብታ ሆኖ ይታያል። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ በዚህ ዙሪያ ከሆነ አታመንቱ፣ ዌብን ያዙ።

አሁን ደግሞ ጉድለቱ። የዌብ ዋና ካሜራ በአንዴ የሚያየው የሰማይ ክፍል በጣም ትንሽ ነው። ሙሉ ጨረቃን የሚያህል ስፋት ለመሸፈን ከ70 ጊዜ በላይ ማንሳት አለበት። ስለዚህ አብዛኛውን ሰማይ አላየውም፣ ሊያየውም አይችልም። የመረጣችሁት ኮከብ በዌብ ታይቶ እንደሆነ ማስት በተባለው ማኅደር አስቀድማችሁ ፈልጉ። ታይቶም ቢሆን ጊዜውን ጠይቀው ያገኙት ተመራማሪዎች በብዙ ፕሮግራሞች እስከ አንድ ዓመት ድረስ ለብቻቸው ሊይዙት ይችላሉ። ፋይሉም ከባድ ነው። ተገጣጥሞ የተዘጋጀ አንድ ምስል ከጊጋባይት ሊያልፍ ይችላል። ኔትወርኩ 90 ከመቶ ላይ ሲቆረጥ የሚሰማውን ስሜት ለጎጃም አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ዋይዝ፦ ሰማዩን በሙሉ ያየ

"ቲቸር፣ ዌብ እያለ ምን በወጣን ነው ባለ 40 ሴንቲ ሜትሩን የምናየው?" ብሎኛል አንድ ተማሪ። ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይሄ ነው።

ዋይዝ በ2009 ዲሴምበር ወጣ። መስታወቱ 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በአንዴ የሚያየው ግን ከሙሉ ጨረቃ ይሰፋል፤ ሰማዩን በሙሉ ደግሞ በስድስት ወር አንዴ ይጨርሳል። በአራት ሞገድ አነሳ፤ 3.4፣ 4.6፣ 12 እና 22 ማይክሮን። የረጋው ሃይድሮጅኑ በ2010 ሲያልቅ ሁለቱ ረጃጅሞቹ ቀሩ። በ2011 እንዲያርፍ ተደረገ፣ በ2013 ኒዮዋይዝ በሚል ስም ተቀሰቀሰ፣ እስከ 2024 ክረምት ሠራ። ካታሎጉ ውስጥ ከ700 ሚሊዮን በላይ አካላት ተመዝግበዋል።

ይህ ለተማሪ ምን ማለት ነው? የትኛውንም የሰማይ ነጥብ ምረጡ፣ ዋይዝ አይቶታል። "ታይቶ ይሆን?" የሚል ጭንቀት የለም። ያውም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ በየስድስት ወሩ፣ መሐል ላይ ካለው ክፍተት በስተቀር ከአሥር ዓመት በላይ። የሚደምቅና የሚደበዝዝ ኮከብ ወይም መሐሉ ላይ ጥቁር ጉድጓድ ያለበት ጋላክሲ ለውጡን መከታተል ለሚፈልግ ዌብ እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም።

ቡናማ ድንኮች ዋይዝ የሚያበራባቸው ናቸው። ኮከብ ለመሆን ክብደት ያነሳቸው፣ ቀስ እያሉ የሚቀዘቅዙ አካላት ማለት ነው። በ2014 በዋይዝ ምስል የተገኘው አንዱ ከእኛ 7 የብርሃን ዓመት ከትንሽ ብቻ ይርቃል፣ ሙቀቱ ግን ውሃ ከሚረጋበት ነጥብ አካባቢ ነው። የጮቄ ሌሊት እንደማለት። አገኛኘቱን ክበብ ውስጥ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። አንድ ቦታ በ3.4 እና በ4.6 ማይክሮን ጎን ለጎን ክፈቱ። ተራ ኮከብ በሁለቱም ደምቆ ይታያል። የቀዘቀዘ ቡናማ ድንክ አየር ውስጥ ሚቴን ስላለ የመጀመሪያውን ሞገድ ይውጠዋል፤ በ3.4 ላይ ጠፍቶ ወይም ደብዝዞ፣ በ4.6 ላይ ብቅ ይላል። የተለያየ ዓመት ምስል ብታፈራርቁ ደግሞ ቦታውን ሲቀይር ታዩታላችሁ፣ ቅርብ ስለሆነ። ባክያርድ ወርልድስ የሚባለው ከ2017 ጀምሮ ያለ ፕሮጀክት ይህንኑ ሥራ ለፈቃደኞች ሰጥቷል። የሚያስፈልገው ብራውዘርና ትዕግሥት ነው። ተሳታፊዎቹ በሳይንሳዊ ጽሑፎች ላይ ስማቸው ወጥቷል።

አስትሮይድም የዋይዝ መስክ ነው። በተራ ብርሃን ትንሽ ነጭ ድንጋይና ትልቅ ጥቁር ድንጋይ እኩል ሊደምቁ ይችላሉ። በኢንፍራሬድ የሚታየው የሞቀው ገጽ ስለሆነ መጠኑ ይታወቃል። ኒዮዋይዝ ከ44 ሺህ በላይ የፀሐይ ሥርዓት አካላትን ለክቷል። በ2020 በዓይን የታየውን በስሙ የተጠራ ጅራታም ኮከብ ያገኘውም እሱ ነው። በሐምሌ ነበርና የደመናችን ወቅት ሆኖ ለእኛ አልተመቸም።

ድክመቱን አልደብቅም። ምስሉ ብዥ ያለ ነው። በጣም የተጠጋጉ ከዋክብት አንድ ሆነው ይታያሉ። ሩቅ ጋላክሲ ነጥብ ብቻ ነው፣ ክንዱን አታዩም። በተቃራኒው ፋይሉ ቀላል ነው። የሚያስፈልጋችሁን ቦታ ብቻ ከኢርሳ ማኅደር ስትቆርጡ ከአንድ ሜጋባይት በታች ሊሆን ይችላል። በትንሽ የኢንተርኔት ጥቅል፣ በስልክም ቢሆን ይወርዳል።

ስፒትዘርና ሄርሼል

ስፒትዘር በመሐል ያለ ነው። 85 ሴንቲ ሜትር መስታወት አለው። በአጫጭሮቹ ሞገዶች ጥራቱ ከዋይዝ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሻላል፣ ሰማዩን በሙሉ ግን አልሸፈነም። ፍኖተ ሐሊብን ወገቡን ዙሪያውን አንስቶታል፤ ስለ ከዋክብት መወለድ ለሚጽፍ ሰው ያ ስብስብ ሀብት ነው። በ40 የብርሃን ዓመት ርቀት ትራፒስት 1 የተባለውን ኮከብ የሚዞሩ ሰባት ፕላኔቶች እንዳሉ በ2017 ሲታወጅ ዋናው ሥራ የእሱ ነበር፤ ወደ 20 ቀን ያህል ኮከቡን ሲከታተል ከርሞ። የሳተርንን ግዙፍ ውጫዊ ቀለበት ያሳየንም ስፒትዘር ነው፤ አቧራው በጣም ስስና ቀዝቃዛ ስለሆነ በተራ ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ምክሬ እንዲህ ነው፦ ቦታችሁ በስፒትዘር ከታየ ስፒትዘርን ውሰዱ፣ ካልታየ ወደ ዋይዝ ተመለሱ።

በኢንፍራሬድ አግኚው ስም የተጠራው የሄርሼል ቴሌስኮፕ ለብቻው ነው። መስታወቱ 3.5 ሜትር፣ ሞገዱ ከ55 እስከ 672 ማይክሮን። ከዌብ የሚያንስ ይመስላል፣ ግን ዌብ 28.5 ላይ ያቆማል። እጅግ የቀዘቀዘ አቧራ፣ ገና ኮከብ ያልሆነ ደመና ከሆነ ጥያቄያችሁ ዌብ አይረዳችሁም። ሄርሼል ደመናዎቹ ውስጥ ቀጫጭን ረጃጅም ዘርፎች እንዳሉና ከዋክብት በእነሱ ላይ እንደሚወለዱ አሳየ። ሲሪስ በተባለችው ድንክ ፕላኔት ዙሪያም የውሃ እንፋሎት አገኘ። ከ2009 እስከ 2013 ሠርቶ ከ2000 ሊትር የሚበልጠው ሂሊየሙ አለቀ። በእነዚህ ሞገዶች ህዋ ላይ የተተካው የለም። ጥራቱ ግን እንዳያሳስታችሁ። ሞገድ ሲረዝም ጥራት ይቀንሳል፤ በ500 ማይክሮን የሚለየው ትንሹ ነገር የጨረቃን ስፋት አንድ ሃምሳኛ ያህላል።

አዲሶቹ

ስፊርኤክስ በ2025 ማርች ወጣ። መስታወቱ 20 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከዋይዝም ያንሳል። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ሰማዩን በሙሉ በ102 ቀለም ይከፍለዋል፣ ከ0.75 እስከ 5 ማይክሮን። የእያንዳንዱ ነጥብ ስፔክትረም፣ ማለትም በየሞገዱ የተከፋፈለ ብርሃን፣ አለ ማለት ነው። በደመናዎች ውስጥ የውሃና የካርቦን ዳይኦክሳይድ በረዶን ይፈልጋል። ዳታው ከተነሳ በሁለት ወር ውስጥ ለሁሉም ይለቀቃል። ገና ያልተነካ ጥያቄ ለሚፈልግ የማስተርስ ተማሪ እኔ ብሆን ይህን ነው የምመክረው።

ዩክሊድ በ2023 የወጣ የአውሮፓ ቴሌስኮፕ ነው፣ 1.2 ሜትር። ጥቁር ቁስንና ጥቁር ኃይልን ለማጥናት የሰማዩን ሲሶ ይሸፍናል። በ2025 የለቀቀው የመጀመሪያ ክፍል ብቻ 26 ሚሊዮን ጋላክሲ አለው። ጋላክሲ በቅርጹ መለየት ለሚፈልግ፣ በተለይ ኮምፒውተር ማሠልጠን ለሚወድ፣ ጥሩ ነው። ለቅዝቃዛ ነገር አይሆንም፤ ከ2 ማይክሮን ብዙም አያልፍም። ሃብል የተባለው የህዋ ቴሌስኮፕም እንደዚያው 1.7 ላይ ያቆማል።

ላፕቶፕ ከመክፈታችሁ በፊት

ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ይባላል። አራት ማኅደር በአንዴ ከፍታችሁ አትጀምሩ። አላዲን ላይት ወይም ኢሳ ስካይ በሚባለው ገጽ ጀምሩ። ሁለቱም በብራውዘር ይሠራሉ፣ ምንም አይጫንም፣ የሰማዩን ካርታ በተለያየ ቴሌስኮፕ እያፈራረቃችሁ ታዩበታላችሁ።

ለመሞከሪያ ኦራዮን የተባለውን፣ በአዳኝ ሰው የሚመሰለውን የከዋክብት ስብስብ ምረጡ። በጥር ምሽት ከደብረ ማርቆስ ሰማይ ላይ ሦስቱ የወገቡ ከዋክብት በቀላሉ ይለያሉ። ካርታው ላይ በተራ ብርሃን ክፈቱትና ወደ ጭንቅላቱ ሂዱ። ጥቂት ከዋክብት ብቻ ናቸው። ወደ ዋይዝ ስትቀይሩት ከ100 የብርሃን ዓመት በላይ የሚሰፋ የአቧራ ቀለበት ብቅ ይላል፤ መሐሉ ላይ ያለው ትኩስ ኮከብ ያሞቀው ነው። ከወገቡ ሥር ያለው የፈረስ ራስ የሚባለው ጥቁር ቅርጽ ደግሞ በኢንፍራሬድ ጥቁርነቱን ይተዋል። ልዩነቱን አንዴ ካያችሁ ገለጻ አያስፈልግም።

ቀለሙን አትመኑ። በኢንፍራሬድ ምስል ላይ ያለ ቀይና ሰማያዊ ሰው የሰጠው ነው። በዋይዝ የተለመደው አሰጣጥ አጭሩን ሞገድ ሰማያዊ፣ ረጅሙን ቀይ ማድረግ ነው። ጽሑፋችሁ ላይ "ቀይ ጋዝ ታየ" ብላችሁ ከጻፋችሁ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ይመልስላችኋል። "በ22 ማይክሮን የሚያበራ አቧራ" በሉ።

እንግዲህ ወደ ውሳኔው። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ክበብ ከሆናችሁ ዋይዝ በአላዲን ላይት፣ ቀጥሎም ባክያርድ ወርልድስ። የመጀመሪያ ዲግሪ ጽሑፍ ከሆነና ጊዜ የሚወስድ ለውጥ ከተከታተላችሁ አሁንም ዋይዝ። የከዋክብት መወለጃ ከሆነ ስፒትዘርን ከሄርሼል ጋር አጣምሩ፣ አንዱ የተወለደውን ሌላው ያልተወለደውን ያሳያል። የፕላኔት አየር ወይም የመጀመሪያዎቹ ጋላክሲዎች ከሆኑ ዌብ፣ ግን በጥሬው ፋይል አትጀምሩ፤ ተመራማሪዎች አስተካክለው የለቀቁትን የስፔክትረም ሰንጠረዥ ፈልጉ፣ ክብደቱ ጥቂት ኪሎባይት ነው።

ናንሲ ግሬስ ሮማን የሚባለውን የናሳ ቴሌስኮፕ የሚጠብቁም አሉ። መስታወቱ የሃብልን ያህል 2.4 ሜትር ነው፣ በአንዴ የሚያየው ስፋት ግን ከሃብል የኢንፍራሬድ ካሜራ ቢያንስ 100 እጥፍ እንዲሆን ተደርጎ ነው የተሠራው። ናሳ የያዘው የመወንጨፊያ ቀነ ገደብ 2027 ሜይ ነው። በእሱ ዳታ ርዕስ ማስመዝገብ ግን አይመከርም። የህዋ ቴሌስኮፕ ቀጠሮ ሲገፋ የኖረ ነገር ነው፣ የምረቃ ቀን ደግሞ አይገፋም።